አስተማሪ አብራሪ ለመሆን የትኛው ሬቲንግ ይቅደም? እኔ የሳትኩት መንገድ

ሰሞኑን ኮሜርሻል ላይሰንሱን (በክፍያ ለመብረር የሚያስችለውን ፈቃድ) ገና የጨረሰ አንድ ወጣት "የበረራ አስተማሪ ልሆን ነው፣ ምን ምን ሬቲንግ ልጨምር?" ብሎ ጠየቀኝ። ሬቲንግ ማለት ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ወይም በረራ ላይሰንስ ላይ የሚጨመር ፈቃድ ነው። ለደቂቃ ያህል ዝም አልኩ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ያልጠየቅኩት ሰው አልነበረም። አንዱ "ዋናው ሁለት ሞተር ነው" ይለኛል። ሌላው "ውኃ ላይ የሚያርፍ ጨምር፣ ለየት ያደርግሃል" ይለኛል። ሦስተኛው "ምንም አያስፈልግህም፣ ቀጥ ብለህ ሥራ ጀምር" ይላል። ሁሉንም ሰማሁ፣ ሁሉንም በከፊል አደረግኩ፣ ቅደም ተከተሉን ግን ገለበጥኩት። ገንዘቤ አለቀ፣ ወራት ባከኑ፣ በጣም የምወደው አንድ ተማሪም ከእጄ ወጣ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ የተማርኩትም የማስተምረውም በአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ በኤፍኤኤ ሕግ ነው። ስለዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የዚያ ናቸው። በሌላ ሕግ ሥር የምትማሩ ከራሳችሁ ደንብ ጋር አስተያዩት።

ኮሜርሻሌንና ኢንስትሩመንት ሬቲንጌን (ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ ለመብረር የሚያስችለውን) እንደጨረስኩ ዓይኔ ያረፈው ሁለት ሞተር ላይ ነበር። አየር መንገድ የመግባት ሕልም ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ነው። ሄጄ መልቲ ኢንጂን ሬቲንጉን አወጣሁ። ከዚያ አንድ ሰው "ለአስተማሪነት ፈተና ጎማው የሚታጠፍ አውሮፕላን ይዘህ መቅረብ አለብህ" አለኝና ያን ተከራይቼ ብዙ ሰዓት በረርኩ። ሰውየው አልዋሸኝም፣ ድሮ እውነት ነበር። ነገር ግን ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ግዴታ አንስቶታል። ፈታኙ ጋ ስደውል ነው የሰማሁት። "በተራ ባለ አንድ ሞተር ና፣ ይበቃል" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ያወጣሁትን ገንዘብ ደመርኩ፤ የኢንስትሩመንት አስተማሪነቱን ሥልጠና ግማሽ ይሸፍንልኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምላችሁ ይህን ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡንና የፈተናውን መመዘኛ ራሳችሁ አንብቡ። የአብራሪ ወሬ ከደንቡ ኋላ ነው የሚሄደው፣ አንዳንዴ በአሥር ዓመት።

አሠልጣኝ ስትመርጡም ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ የሚሆንን ሰው ማንኛውም አስተማሪ ማሠልጠን አይችልም። የተለመደው መንገድ ቢያንስ 24 ወር በአስተማሪነት የቆየና ቢያንስ 200 ሰዓት ያስተማረ ሰው ነው። ሌላም መንገድ በቅርቡ ተጨምሯል፤ ብቻ "አንተ ለዚህ ብቁ ነህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ሲኤፍአይ፣ ማለትም ወደ መሠረታዊው የአስተማሪነት ፈቃድ ሥልጠና ስገባ ከሬቲንግ ሁሉ በላይ የከበደኝ የቀኝ ወንበር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በግራ ተቀምጬ የበረርኩ ሰው ወደ ቀኝ ስዞር ማኮብኮቢያው ራሱ ሌላ መሰለኝ። አፍንጫው ወደ ጎን እንደዞረ ጎማው መሬት ይነካል፣ ጎማው ይጮኻል። እጆቼ ተቀያይረዋል፤ መሪው በቀኝ እጅ፣ ስሮትሉ (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) በግራ። ሰው ይህን ሬቲንግ አይለውም፣ ካርድም አይሰጥበትም። እኔ ግን ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት አሥር ሰዓት ያህል በቀኝ ወንበር በረሩ እላለሁ። እግርና ዓይን ሳይለማመዱ አፍም አይከፈትም፣ ማስተማር ደግሞ አፍ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። የአውሮፕላን አስተማሪ ለመሆን ስፒን (አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ቁልቁል መውረዱ) ገብታችሁ መውጣት እንደምትችሉ የሚመሰክር የአሠልጣኝ ፊርማ ሎግቡካችሁ (የበረራ መዝገባችሁ) ላይ ያስፈልጋል። እኔ ይህን እንደ ወረቀት ጉዳይ አየሁት። አንድ ጠዋት ወጣን፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አሽከረከርነው፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ወረድን፣ ተፈረመልኝ። "ተገላገልኩ" አልኩ።

ማስተማር በጀመርኩ በጥቂት ወር ውስጥ ከአንዲት ጥሩ ተማሪ ጋር ሙሉ ኃይል ላይ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) እየተለማመድን ነበር። አፍንጫው ሽቅብ ተነስቷል፣ ከፊታችን ሰማይ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ጎን መንሸራተቱን የምታሳየው ትንሿ ኳስ ወደ ቀኝ ሸርተት ብላለች። "ቀኝ እግር፣ ቀኝ እግር" እላለሁ። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠና የግራው ክንፍ ድንገት ወደቀ። እሷም ማንም ሰው በደመ ነፍሱ የሚያደርገውን አደረገች፤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ያ ደግሞ በዚያች ሰከንድ ነገሩን የሚያባብስ ነው። መስኮቱ በመሬት ተሞላ፣ መሬቱም መዞር ጀመረ።

"ማይ ኮንትሮልስ!" አልኩ፤ መሪውን እኔ ያዝኩት ማለት ነው። ሆኖም አንዲት ሰከንድ፣ ምናልባትም ሁለት፣ ዝም ብዬ የፍጥነት መለኪያውን አየሁ። ለምን እንዳየሁት እስከዛሬ አላውቅም። ከዚያ ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ ቀነስኩ፣ መሪውን መሀል አደረግኩ፣ ቀኝ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ፣ መሪውን ወደ ፊት ገፋሁ። መዞሩ ቆመ። ፔዳሉን መሀል መልሼ ቀስ ብዬ ከቁልቁለቱ አወጣሁት። በቂ ከፍታ ይዘን ስለጀመርን ችግር አልተፈጠረም። ተማሪዬ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ "አጠፋሁ አይደል?" አለችኝ። "አንቺ አላጠፋሽም፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት" አልኳት። ከልቤ ነበር።

በሳምንቱ አክሮባት ወደሚያስተምር ሰው ሄጄ ስፒንን እንደገና ተማርኩ። በተለያየ ቀን፣ ብዙ ጊዜ፣ ከተለያየ አገባብ። በተለይ ተማሪ በሚሳሳትባቸው መንገዶች እሱ እያስገባኝ እኔ እንዳወጣ አደረገኝ። እጄ ሳያስብ መሥራት እስኪጀምር ድረስ። እባካችሁ፣ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ሌላ ሬቲንግ አዘግዩና ይህን አስቀድሙ። ሕጉ የሚጠይቀው ፊርማውን ነው፣ ተማሪያችሁ የሚፈልገው ግን እጃችሁን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ "የትኛው ሬቲንግ ያስፈልገኛል?" የሚለውን ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። "አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? ያኔ እኔ ዝግጁ ነኝ ወይ?" እያልኩ ነው የምጠይቀው።

በዚህ ጥያቄ ስትመዝኑት ከሲኤፍአይ ቀጥሎ የሚመጣው ያለ ክርክር ሲኤፍአይአይ ነው፤ የኢንስትሩመንት አስተማሪነት። እኔ ዘልዬው ነበር። "መጀመሪያ ሰዓት ልሰብስብ፣ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ" አልኩ። ያጣሁትን ልንገራችሁ። ከመጀመሪያ በረራው ጀምሬ ይዤው የመጣሁት ተማሪ ነበረኝ። ብቻውን የበረረ ዕለት እኔ መሬት ላይ ቆሜ ላብ ያጠመቀኝ። የግል ላይሰንሱን ባለፈ በማግስቱ "ኢንስትሩመንቱን መቼ እንጀምር?" አለኝ። "እኔ አልችልም" ከማለት ሌላ ምን ልበል? ለላይሰንሱ የሚያስፈልገውን ሦስት ሰዓት በመሣሪያ የመብረር ልምምድ እኔው ነበርኩ የሰጠሁት። ወደ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ የሚወስደውን ሥልጠና ግን አስተማሪነቴ ላይ ያ ሬቲንግ ከሌለ መስጠት አልችልም። ወደ ሌላ አስተማሪ ሄደ። ቅር ብሎት ነው የሄደው፣ እኔም ቅር ብሎኝ ነው የሸኘሁት።

ሌላም አለ። ደመናው ዝቅ ባለበት ወቅት ጀማሪ ተማሪዎቼ በሙሉ መሬት ላይ ቀሩ። እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። ሲኤፍአይአይ ያላቸው የሥራ ባልደረቦቼ ግን ደመናው ውስጥ እየገቡ ያስተምሩ ነበር። የሦስት ሳምንት ገቢዬ በመስኮት እያየሁት አለፈ።

በመጨረሻ ስገባበት ሥልጠናው ከፈራሁት ይልቅ አጭር ነበር። አፕሮቹንም (በመሣሪያ ወደ ማረፊያ መቅረብን) ሆልዲንጉንም (አየር ላይ እየዞሩ መጠበቅን) ታውቁታላችሁ። አዲሱ ነገር እየበረሩ ማውራት ነው። በአንዱ ልምምድ ላይ ሆልዲንግ ውስጥ እየዞርኩ ስለ ንፋስ ማስተካከያ እያብራራሁ ሳለሁ ከፍታዬን ሁለት መቶ ጫማ አሳለፍኩ። አሠልጣኜ ወሬዬን አላቋረጠኝም። ስጨርስ ብቻ "ጥሩ አስረዳህ፣ አውሮፕላኑን ግን ማን ይዞት ነበር?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሬ መሣሪያዎቹን አያለሁ፣ እንደገና እናገራለሁ። ተማሪን ማስተማርም እንደዚያው ነው፤ ደመና ውስጥ ረጅም ንግግር ማንንም አይረዳም። ክብ መሣሪያ ባለው አውሮፕላን ደግሞ ከቀኝ ወንበር ስታዩት መርፌው በጥቂቱ ፈቀቅ ብሎ እንደሚታይ አትርሱ። እኔ ፍጥነቴ አምስት ኖት ጎሎብኝ የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነበር።

ገንዘብ የሚቆጥብ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጽሑፍ ፈተናዎቹ ይደራረባሉ። የኢንስትሩመንት ሬቲንግ ጽሑፍ 60 ጥያቄ ነው፣ የኢንስትሩመንት አስተማሪው 50፣ ይዘታቸው ደግሞ በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ገና ለራሳችሁ ኢንስትሩመንት ስትፈተኑ፣ ጭንቅላታችሁ ትኩስ እያለ፣ ሌላውንም በዚያው ሳምንት ውሰዱት። ውጤቱ 24 ወር ስለሚያገለግል ቀኑን ብቻ አስቡበት። ስለ ማስተማር ዘዴ የሚጠይቀው 50 ጥያቄ ፈተና ደግሞ አንዴ ካለፋችሁትና ከእሱ ጋር የመሬት አስተማሪ ፈቃድ ካወጣችሁበት ለሲኤፍአይ ዳግም አትጠየቁም። የመሬት አስተማሪነት የበረራ ፈተና የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ገና የበረራ ሥልጠናውን ሳትጨርሱ ክፍል ውስጥ ማስተማር ትችላላችሁ። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ሰሌዳ ፊት ቆሜ እለማመድባቸው ነበር፤ አስተማሪነትን አስተማሪ ከመሆን በፊት መጀመር የሚቻልበት ርካሹ መንገድ ይህ ነው።

ሲኤፍአይአይ ካወጣችሁ በኋላ ያለውንም ወጥመድ ልንገራችሁ፣ እኔ ወድቄበታለሁና። ተማሪው ውጭውን እንዳያይ ተከልሎ በመሣሪያ ሲበር እናንተ ውጭውን እያያችሁ ነው፤ እነዚያ አፕሮቾች የእሱ እንጂ የእናንተ አይደሉም። የእናንተ የራሳችሁ ብቃት በስድስት ወር ውስጥ ስድስት አፕሮች፣ ሆልዲንግ፣ የበረራ መስመር አግኝቶ መከተል ይፈልጋል። እኔ በቀን ሁለትና ሦስት አፕሮች እያስተማርኩ የራሴ ብቃት አልፎብኝ ነበር። ሎግቡኬን ሳገላብጥ ነው የደነገጥኩት። በየወሩ አንድ ቀን ለራሳችሁ መድቡ።

አሁን ሁለት ሞተር። መልቲ ኢንጂን አስተማሪነት፣ ኤምኢአይ፣ ጥሩ ነገር ነው። ለአየር መንገድ የሚያበቃው ላይሰንስ በተለመደው መንገድ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል፣ ከዚያ ውስጥ 50ው በሁለት ሞተር መሆን አለበት። ያንን በኪራይ መሙላት ከባድ ነው። ኤምኢአይ ካላችሁና ትምህርት ቤታችሁ ባለ ሁለት ሞተር ካለው እያስተማራችሁ ትሞሉታላችሁ። ትምህርት ቤቱ ከሌለው ግን ካርዱ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀጠሩበትን ቦታ ጠይቁ።

የእኔ ስህተት ሌላ ነበር። ለኤምኢአይ ፈተና በባለ ሁለት ሞተር ቢያንስ 15 ሰዓት በአዛዥነት መመዝገብ ያስፈልጋል። "አለኝ" ብዬ ሄድኩ። አሠልጣኟ ሎግቡኬን ከፈተችው፣ ጣቷን የአዛዥነት ሰዓት የሚመዘገብበት ዓምድ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። መጨረሻ ላይ የፈተናው ቀን ብቻ። ሬቲንጉን ከማውጣቴ በፊት ከአስተማሪ ጋር የበረርኳቸው ሰዓቶች በሙሉ የተማሪ ሰዓት እንጂ የአዛዥ ሰዓት አልነበሩም። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የቀረኝን ሰዓት ለመሙላት ወራት ፈጀብኝ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ሬቲንጉን ካወጣችሁ በኋላ በዚያ አውሮፕላን መሪውን ይዛችሁ የምትበሩት ሰዓት፣ አስተማሪ አጠገባችሁ ቢኖርም፣ ለእናንተ በአዛዥነት ይመዘገባል። ስለዚህ የኤምኢአይ ሥልጠናውን ራሱን ከሬቲንጉ ቀጥሎ አያይዙት፤ ተማሪ ሆናችሁ የምትከፍሉት ገንዘብ ያንኑ 15 ሰዓት ይሞላላችኋል። ካለፋችሁ በኋላም በምታስተምሩበት ሞዴል 5 ሰዓት የአዛዥነት ልምድ እንደሚያስፈልጋችሁ አስታውሱ። ትምህርት ቤት ስትቀይሩ ይህች ነገር ትመጣለች።

ደግሞ ኤምኢአይን ለሰዓት ብቻ አታውጡት። ከሁለት ሞተር አንዱ ሲጠፋ የሚጠፋው ግማሽ ኃይል ነው፣ ወደ ላይ የመውጣት አቅሙ ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ተማሪው ተሳስቶ በተሳሳተው እግር ከረገጠ ነገሩ በሰከንዶች ነው የሚበላሸው። እኔ አንዱን ሞተር ለልምምድ ስቀንስ ከመቀነሴ በፊት እግሮቼን ፔዳሎቹ ጎን አስጠግቼ አስቀምጣለሁ፣ ተማሪው በተሳሳተው ወገን መርገጥ እንዳይችል። ከብዙ በረራ በኋላ ነው የተማርኩት፣ እናንተ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ውኃ ላይ ማረፍ ደስ ይላል፣ ሥራ ግን ውኃና አውሮፕላኑ ባለበት ብቻ ነው። ከ200 ፈረስ ጉልበት በላይ ላለው ሞተርና ጎማው ለሚታጠፈው የሚያስፈልጉት ፊርማዎች ሲያስፈልጉ ይወጣሉ፣ አትቸኩሉባቸው። ጭራው ላይ ጎማ ያለውን አውሮፕላን ግን አትዝለሉት። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሰዓት የለም፤ አሠልጣኙ ብቁ ናችሁ ሲል ይፈርማል። እኔ ከስፒኑ ታሪክ በኋላ ነው የሄድኩበት። ያ አውሮፕላን መሬት ላይ እንኳን እግር ለአፍታ ሲዘናጋ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ተማሪ አጠገብ ስቀመጥ እግሬ ኳሷን ሳያይ ያውቃታል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአስተማሪነት ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን አይጻፍም፣ ነገር ግን በየ24 ወሩ ብቁ መሆናችሁን ማሳየት አለባችሁ። አዲስ የአስተማሪነት ሬቲንግ መጨመር ከሚቆጠሩት መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጨርሱት። ሲኤፍአይን ከሲኤፍአይአይ ጋር አያይዙ፣ ኤምኢአይን ሰዓቱና ሥራው ሲገጥም ጨምሩ፣ ቀጣዩን ለቀጣዩ ሁለት ዓመት አቆዩት። እኔ የያዝኩት ሞተር የሌለው ግላይደር ነው። ትምህርቱን ጀምሬያለሁ፤ ቀጠሮዬ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ተማሪም ሆኜ በግራ ሳይሆን በፊት ወንበር ነው የምቀመጠው።